ድምፅ በመጠበቅ ላይ

የካቲት 2083 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሐሴት ግርማቸው የበረንዳ በር በራሱ ተቆለፈ። ምድጃው አልበራ አለ። የሳሎኑ መጋረጃ እስከ ግማሽ ወረደ። የውሃ ማጣሪያው አንድ ብርጭቆ ሞልቶ ቆመ፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳም «እባክዎ ይቀመጡ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሐሴት ተቀመጠች። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው፤ አያት ሰፈር በሚገኝ ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። የዚህን ቅደም ተከተል ትርጉም አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። በረንዳው የሚቆለፈው ሰው ራሱን እንዳይጥል ነው። ምድጃው የሚጠፋው እንዳይቃጠል ነው። ውሃው ለጉሮሮ ነው። ከዚያ ድምፅ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሰሚውን ስም፣ ቀጥሎ የሟቹን ስም ይጠራል፤ መርዶው ይነገራል።

ድምፁ አልመጣም። ሐሴት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ሁለት ሰዓት ሲሞላ በረንዳው ተከፈተ፣ መጋረጃው ወደ ላይ ተመለሰ፣ ምድጃው በራ። ሰሌዳው ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፋ።

ተነሥታ ለልጇ ደወለች። ልጇ ኢዮሲያስ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አፋር ውስጥ ሎጊያ ባለው የፀሐይ ኃይል ማሳ ላይ የጥገና ቡድን ይመራል። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውልላታል፤ ትናንት አልደወለም ነበር። «ለጊዜው ማገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ለያሬድ ደወለች። ያሬድ የኢዮሲያስ አባት ነው፤ ደብረ ብርሃን ይኖራል። ከተፋቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሆኖም አንዳቸውም የሌላውን ስም ከቤተሰብ ዝርዝራቸው ላይ አላስወጡም። ለእሱም ያው ጽሑፍ መጣ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት፣ በዝርዝሩ ያሉ ዘመዶች ሁሉ በየተራቸው በይፋ እስኪነገራቸው ድረስ በመካከላቸው ያለው መስመር ይያዛል። ማንም ለማንም ቀድሞ አይናገርም። በሐሴት ዝርዝር ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሞቷል፤ የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

ሐሴት ሥራ የጀመረችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ገርጂ አካባቢ በነበረ አንድ ምድር ቤት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። «ከድልድዩ ሥር» የሚባል የልጆች ካርቱን ነበር፤ በአንድ ድልድይ ሥር ተጠልለው ስለሚኖሩ እንስሳት። የተቀጠረችው ሾሄ ለምትባል ጃርት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የአህያው ድምፅ የነበረው ሰውዬ ሳይመጣ ቀረ። «እስቲ ልሞክረው» አለች። አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ ስትናገር ጋሽ ዳምጤ የሚባለው አህያ ከአፏ ወጣ። ከዚያ መንታዎቹ እንቁራሪቶች መጡ፣ ከዚያ ቁራው፣ ከዚያም ዘጠና ዓመት ያለፋት ኤሊ፣ እማማ ዝግታ። በሦስተኛው ዓመት በካርቱኑ ውስጥ የነበሩት አሥራ ዘጠኙም ገጸ ባሕርያት በእሷ አፍ ነበር የሚናገሩት።

እንቁራሪቶቹ ሲጣሉ ለየብቻ አትቀዳቸውም ነበር። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ እያቋረጠች፣ ጠቡን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። ከላይኛው ፎቅ ያሉ የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳቸውን እንደያዙ ወርደው ከመስታወቱ ወዲያ ቆመው ያዩዋት ነበር። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበረች። ኢዮሲያስ የተወለደው በአምስተኛው ዓመት ነው። አፉን ከፈታ በኋላ ቤት ውስጥ በሾሄ ድምፅ ስታናግረው አፏን በእጁ ይከድን ነበር። «በራስሽ አውሪ» ይላታል።

ካርቱኑ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ከዚያ በኋላም ሄደ፤ እሷ ግን አላስፈለገችም። ድምፆቹ ተቀምጠው ስለነበር አዲስ ክፍል ሲሠራ እነሱ ይናገራሉ። አንዳንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ከፍታ፣ ተናግራው የማታውቀውን ነገር ስትናገር ራሷን ትሰማ ነበር። በደንብ ነው የሚሠሩት፤ ቅሬታ አልነበራትም።

አርባ አምስት ዓመት ሲሆናት የመርዶ አገልግሎት ጠራት። ካርቱኑን እያዩ ያደጉት ልጆች ወላጆቻቸውን መቅበር የጀመሩበት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር። ጥናት ተደርጓል። መርዶን ከማያውቁት ድምፅ የሰሙ ሰዎች በአማካይ በአሥራ አንድ ቀን ወደ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ከእማማ ዝግታ የሰሙት በአራት ቀን ይመለሳሉ። ከጋሽ ዳምጤ የሰሙ ወንዶች የተቀዳላቸውን ውሃ ጨርሰው ይጠጣሉ። ሐሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቀዳች። የአነጋገሩን ቅደም ተከተል ያስተካከለችውም እሷ ናት። መጀመሪያ የሰጧት ጽሑፍ «በታላቅ ኀዘን» ብሎ ነበር የሚጀምረው።

«እንደሱ ስትሉት ሰውየው የቀረውን አይሰማም» አለቻቸው። «መጀመሪያ ስሙን ጥሩት። አስቀምጡት። ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ንገሩት።»

እንዳለችው ተደረገ። ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ የበለጠው ይህ እንደሆነ ያወቀችው ያኔውኑ ነው። ሲጨርሱ የምስክር ወረቀት ሰጧት፤ እስከ በሩም ሸኟት።

በዓመቱ ገደማ አንድ ሱቅ ገብታ «ቀይ ሽንኩርት አለ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላዋ ወረፋ የያዘ አንድ ጎልማሳ ድምፅዋን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐሴት ሽንኩርቱን ሳትገዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለውጭ የሚሆን ሃያኛ ድምፅ አበጀች፤ ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ለማንም ምንም የማያስታውስ። ጎረቤቶቿ የሚያውቋት በዚህ ድምፅ ነው። በራሷ ድምፅ የምታወራው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከልጇ ጋር ብቻ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ ኤዶም አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ኤዶም ከሐሴት በጥቂት ዓመት የምታንስ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስለ ሊፍቱ አወራች። ስለ ውሃ ፈረቃ አወራች። ከዚያ ወሬዋ አለቀ፤ ግን አልሄደችም።

«ማንኛቸው ነው፣ ኤዶም?» አለች ሐሴት።

ኤዶም እጆቿን አየች። «እኔ ምኑን አውቄ።»

«ሰሌዳሽ ላይ ምን መጣ?»

«‹ጎረቤትዎ ብቻዋን አትሁን› የሚል ብቻ ነው። ስም የለውም። ለፎቁ በሙሉ ነው የተላከው፤ ተራ አውጥተናል።»

«ጠዋት ተቀምጬ ጠበቅሁ። የሚናገር የለም።»

«እንግዲህ ነገ ይሆናላ» አለች ኤዶም። ፔርሙዙን ከፍታ ጨመረች፤ «አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

እስከ ማታ ድረስ አራት ጎረቤቶች ተፈራርቀው ተቀመጡ። ማንም ስለ ምንም አልጠየቃትም። አንዷ ሹራብ ይዛ መጥታ ግማሽ እጅጌ ሠርታ ሄደች።

ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው ተቆለፈ። መጋረጃው ወረደ፣ ብርጭቆው ሞላ። ሐሴት ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወደ አገልግሎቱ ደወለች። ያነሣችው ሾሄ ናት፤ በሃያ ሦስት ዓመቷ የፈጠረቻት፣ ስትናገር ሳቅ ሳቅ የሚላት ጃርት። «እንደምን አደሩ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች። ሐሴት በራሷ ድምፅ ሙሉ ስሟን ተናገረች። መስመሩ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ጽሑፍ መጣ፤ «ይህ ድምፅ በአገልግሎት ላይ ያለ ድምፅ ነው። እባክዎ ሌላ ሰው ያናግረን።» በቀጭኑ ድምፅ ደግማ ሞከረች። አገልግሎቱ ከቀጭኑ ሥር ያለውን ለይቶ ያንኑ ጽሑፍ ላከ።

ስለዚህ ኤዶም ደወለችላት። ሾሄ ለኤዶም በትሕትና መለሰች፤ ጉዳዩ በትክክል ተመዝግቧል፣ አሁን ያለበት ደረጃ «ድምፅ በመጠበቅ ላይ» የሚል ነው፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።

«ድምፅ በመጠበቅ ላይ ማለት ደግሞ ምንድነው?» አለች ኤዶም ስልኩን ዘግታ።

ሐሴት ለመመለስ ብዙ አላሰበችም። ማንም ሰው መርዶውን በራሱ ድምፅ እንዳይሰማ የሚከለክል አንቀጽ አለ፤ አንድ ዘፋኝ የአባቱን ሞት በገዛ ድምፁ ከተነገረው በኋላ የወጣ ነው። አገልግሎቱ ደግሞ በአማርኛ ያለው አሥራ ዘጠኝ ድምፅ ነው።

«አሥራ ዘጠኙም እኔ ነኝ» አለች።

ኤዶም መጀመሪያ አልገባትም። ሐሴት ቀጭኑን ድምፅ ትታ ዓረፍተ ነገሩን በራሷ ደገመችላት። ኤዶም ከስምንት ዓመት በፊት ባሏ ሲሞት በዚህ ድምፅ ነበር የተነገራት።

«የአቤልን መርዶ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

«ነኝ።»

«ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር።»

«አዎ።»

ኤዶም ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች። ተቆጥታ እንደሆነ አይታወቅም። «ቅርንጫፉ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። «አንድ ሰው መኖር አለበት እዚያ።»

ኤዶም ስትወጣ ሐሴት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጥቁር ቀሚሷን አወጣች። ከሰኞ ጀምሮ ስታደርገው የቆየችውን ነገር ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። ያሬድን እየቀበረች ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስኳር አለበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ከባድ ነው፤ እሱ ደግሞ ካፖርት መደረብ አይወድም። ቀሚሱን እየተኮሰች በየትኛው አውቶቡስ እንደምትሄድ፣ ኢዮሲያስ ከሎጊያ ስንት ሰዓት ላይ ሊደርስ እንደሚችል፣ አባቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ልጇን የት ጋ እንደምትይዘው አሰበች። ትከሻው ላይ ትይዘዋለች። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ማለት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ስታስብ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ሰውነቷ ረጋ አለ። ቀሚሱን በመስቀያ አድርጋ በሩ ላይ ሰቀለችው።

«እሱ ይሁን» አለች፤ ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ረቡዕ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው እንደተቆለፈ በሩ ተንኳኳ። ሐሴት ከፈተች። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሚሆነው ወጣት፣ የመሥሪያ ቤት ግራጫ ካፖርት እንደለበሰ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ለእሷ ሲባል ሊፍቱ ስለሚቆም በደረጃ ነው የወጣው።

«እትዬ ሐሴት ነዎት? ጥሩነህ እባላለሁ። ከቅርንጫፉ ነው የመጣሁት።»

«ግባ» አለች በቀጭኑ ድምፅ።

ገብቶ ምንጣፉ መሐል ቆመ። «በቅድሚያ ስለ መዘግየቱ መሥሪያ ቤቱን በመወከል…»

«ቁጭ በል» አለች ሐሴት። ሳታስበው በራሷ ድምፅ ነው የወጣው። ጥሩነህ ወዲያው ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ቀኑን ሙሉ በጆሮው ሲገባ የሚውል ድምፅ ነው። ሐሴት አየችውና ወደ ቀጭኑ ተመለሰች።

«ውሃውን ጠጣ» አለችው።

«የእርስዎ ነው እኮ።»

«አሥራ አራት ፎቅ ወጥተህ ነው የመጣኸው። ጠጣ።»

ጠጣ። ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ከዚህ በፊት ለሰው ነግሬ አላውቅም» አለ። «እኛ የምናየው ወረፋውን ነው። ነግሮ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ቅርንጫፉን በሙሉ ጠይቀን ነበር። የለም። ዕጣ ተጣጥለን ነው።»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብበው።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

ወረቀቱን ዘረጋ። «ሐሴት» አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «‹እትዬ› አይልም እኮ።»

«አይልም። ቀጥል።»

«ሐሴት። ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ውሃ ጠጪ።» ሁለቱም ባዶውን ብርጭቆ አዩት። «እለፈው» አለችው።

«አቶ…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

ሁለቱም አቶ ናቸው። ሐሴት ከንፈሩን አየች፤ የሚቀጥለው ፊደል በምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚመጣ ከሙያዋ ታውቃለች። ለያሬድ ከንፈር ጎን ለጎን ይለጠጣል፤ ቀጥሎ ወዲያው ይከፈታል። የጥሩነህ ከንፈር ተለጠጠ፤ ግን አልተከፈተም።

«ኢዮሲያስ ያሬድ» አለ። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ… ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሥራ ቦታው ላይ እንዳለ አርፏል። ብቻውን አልነበረም። አልተሠቃየም።»

ክፉኛ ነው ያነበበው። መቆም የሌለበት ቦታ ላይ ቆሟል፣ «ብቻውን» የሚለውን ቃል ውጦታል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ወደ ጥያቄ ከፍ ብሏል። ስቱዲዮ ቢሆን «እንደገና» ትለው ነበር። ሐሴት ይህን ሁሉ ማስተዋሏን አስተዋለች። ሌላ ነገር እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም።

«እንዴት ነው የሞተው?» አለች።

«እሱ እዚህ አልተጻፈም። ግን መዝገቡን አይቼ ነው የመጣሁት፤ ይጠይቁኛል ብዬ።» ወረቀቱን አጠፈ። «ሙቀት ነው። ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ነበር። የአንዱን ተራ ጥገና ጨርሶ ጥላ ውስጥ ትንሽ ልረፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጓደኞቹ የተኛ መስሏቸው ነበር።»

«ስለዚህ ብቻውን ነበር።»

ጥሩነህ ያጠፈውን ወረቀት ወደ ኪሱ መለሰ። «ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

ይህን ጥያቄ ፈርቶት እንደነበር ፊቱ ላይ ይታያል። «ተቀብሯል። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ብርሃን። ከዚያ በላይ ማቆየት አይፈቀድም። አባትየው ሰኞ ጠዋት ተነግሯቸው ስለነበር አስከሬኑን እሳቸው ተረከቡ።»

ሐሴት ራሷን ነቀነቀች። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ቀሚሱን እየተኮሰች ነበር።

«አባቱ በማን ድምፅ ሰማ?»

ጥሩነህ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። «በእማማ ዝግታ።»

እማማ ዝግታን ለመርዶ አገልግሎቱ ስትቀዳ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሮጊት ለማስመሰል ድምፅዋን አውርዳ፣ ትንፋሽ ጨምራበት ነው። በአሥራ ስድስቱ ዓመት ውስጥ የራሷ ድምፅ ቀስ በቀስ ወደዚያው ወርዷል። አሁን ሁለቱን የሚለያቸው የለም።

«እንዴት ተቀበለው ይላል?»

«‹በጥሩ ሁኔታ› ነው የሚለው።» ጥሩነህ የቀረውን በዓይኑ አነበበ።

«ምን ይላል? አንብበው።»

«ጥሪው ሲያበቃ ‹መቼ ትመጫለሽ?› ብለው ጠይቀዋል። ለጥያቄው የተዘጋጀ መልስ ስለሌለ መስመሩ ተዘግቷል።»

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ መጋረጃው ተነሣ። ጥሩነህ አንድ ቦታ ላይ መፈረም እንዳለባት ነገራት። ፈረመችለት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «እግዜር ያጥናዎት» አለ። ይህ በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

መስመሩ እንደተለቀቀ ተይዘው የቆዩት ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ወረዱ። ሁሉም የያሬድ ናቸው። ሰኞ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሰኞ አንድ ተኩል። ሰኞ አራት ሰዓት። ማክሰኞ ጠዋት በጽሑፍ የላከው አለ፤ «ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። ሰዉን አቆያለሁ።» ከስምንት ሰዓት በኋላ የላከው አንድም የለም።

ኤዶም ጠርጥራ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። አብራት ገብታ ቀሚሱን አለበሰቻት፤ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ዘጋችላት። «አብሬሽ ልምጣ?» አለች። ሐሴት እንቢ አለቻት። ኤዶም እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታ፣ አጥሚት በፔርሙዝ አስይዛት ተመለሰች።

ደብረ ብርሃን የደረሰችው ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ የሚመጣው ግራጫ ድንኳን ከያሬድ ቤት ፊት ለፊት ተተክሏል። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ስትገባ ወሬው ቆመ። የልጇን ሞት ለአባቱ ነግራ ከቀብሩ የቀረች እናት ናት፤ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። ሰው ሁሉ ለቅሶዋን ጠበቀ። ወንበሮቹን ተደግፋ፣ ፎቶው ያለበት ጠረጴዛ ጋ ደርሳ ቆመች። በፎቶው ላይ ኢዮሲያስ የሥራ ቆቡን አድርጎ ፀሐይ በዓይኑ ገብታበት ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«አሁን ነው የሚመጣው?» አለች ከሴቶቹ መካከል አንዷ። የያሬድ ታላቅ እኅት ሜሮን ናት። ሐሴት በመካከላቸው አልፋ ወደ ቤት ገባች።

ያሬድ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ከእሱ ጋር የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ሲያዩዋት ተነሥተው ወጡ።

«መጣሽ» አለ።

«መጣሁ።»

«ከነገርሽኝ በኋላ ቶሎ ትደርሻለሽ ብዬ ነበር። ሰዉን ሩብ ሰዓት ጨምሬ አቆየሁት። ከዚያ በላይ አይቻልም አሉኝ።»

ሐሴት አልተቀመጠችም። «ያሬድ፣ እኔ አይደለሁም የነገርኩህ።»

«ድምፅሽ ነበር።»

«ድምፄ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ዛሬ ጠዋት ነው።»

ያሬድ ቀና ብሎ አያት። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ያልጎበኘው ዓይን ነው። «ዛሬ?»

«ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ። ለእኔ የሚናገር ድምፅ አጥተው ነው። አንድ ልጅ ላኩልኝ።»

ያሬድ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከደጅ የሰዎች ሳል ይሰማል። «መሥሪያ ቤቱ መሆኑን አውቄያለሁ መሰለኝ» አለ በመጨረሻ። «ማለቴ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ‹ያሬድ፣ ተቀምጠሃል?› ስትይኝ ተቀመጥኩ። ‹ውሃ ጠጣ› አልሽኝ፤ ጠጣሁ። ሐሴት አለች አልኩ። አንቺ ከያዝሽው እኔም እይዘዋለሁ አልኩ። ሲቀብሩትም አላለቀስኩም። እስካሁን አላለቀስኩም።»

«እኔም አላለቀስኩም።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ» አለ ያሬድ።

«ምኑን?»

«አንቺ አልነገርሽኝማ። ንገሪኝ።»

ሐሴት መርዶውን ለስንት ሺህ ሰው እንደተናገረች አታውቅም፤ ቁጥሩን ነግረዋት አያውቁም። አሁን የምትጀምርበት ጠፋት። ስሙን አልጠራችም፤ ተቀመጥ አላለችውም፤ ተቀምጧል።

«ልጃችን ሞተ» አለች።

በአገልግሎቱ ውስጥ «ሞተ» የሚለው ቃል የለም። ያሬድ ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱ አልተለወጠም። ከዚያ ከደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ወጣ፤ ሐሴት አብራው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰሙት። ሜሮን ወንድሟን ተከትላ ጮኸች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ለቅሶው ደጁን ሞልቶ ቆየ፤ ከዚያ እየቀነሰ መጣ። ሐሴት በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደቆመች ነበረች። ዓይኗ ደርቋል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች።

ያሬድ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

«ሰኞና ማክሰኞ ከሁለታችሁ አንዳችሁ መሆናችሁን ነበር የማውቀው። ማንኛችሁ እንደሆነ አላውቅም። አንተ እንድትሆን ስለምን ነበር። ድምፅ አውጥቼ ነው የለመንኩት። ለአንተ ቀብር ቀሚስ ተኩሼ ነበር፤ ይኸው እሱን ነው የለበስኩት።»

ያሬድ ቀሚሱን አየው። ከትከሻዋ እስከ ጫፉ ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

«እኔም ከሰኞ ጀምሮ የምለምነው እሱኑ ነው፤ እኔ እንድሆን» አለ።

ከዚያ ጋቢውን ሰበሰበና ፍራሹ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለላት። ሐሴት ጫማዋን አውልቃ ከጎኑ ተቀመጠች።